ከአቦምሳ እስከ አራት ኪሎ፦ የቤተ መጻሕፍት ትብብር እንዴት ይሠራል?

የቤተ መጻሕፍት ትብብር የአንዱ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ በሌላው መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ እንዲያገኝ የሚያደርግ የአሠራር ስምምነት ነው። ምን የት እንዳለ ማሳወቅን፣ ያለውን ለፈላጊው ማድረስን፣ እንዳይጠፋም በጋራ መጠበቅን ይመለከታል። ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የታተመውን ሁሉ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚችል ቤተ መጻሕፍት በየትኛውም አገር የለም። በሀብታም አገር ያለው ትልቁ እንኳ ከጎረቤቱ ይዋሳል።

በትንሽ ከተማ ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አቦምሳ ለዚህ ማሳያ ትሆናለች። እንደ አቦምሳ ባለ ከተማ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ አለ፤ በሆስፒታል ስለ አንድ መድኃኒት አዲስ መረጃ የሚሻ ነርስ አለ፤ በአዋሽ ሸለቆ ቲማቲምና ሽንኩርት ለሚያመርተው ገበሬ ምክር የሚሰጥ የግብርና ባለሙያ አለ፤ ከሥራ መልስ ልብ ወለድ ማንበብ የሚወድም አይጠፋም። የእነዚህን ሁሉ ፍላጎት አንድ የንባብ ክፍል ሊያሟላ አይችልም፤ እንዲያሟላ መጠበቅም ተገቢ አይደለም።

የሚፈለገው ጽሑፍ ግን ብዙው ሩቅ አይደለም። የስንዴ ምርምር በአሰላ አጠገብ ባለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ይሠራል። የአትክልት፣ የፍራፍሬና የቦሎቄው አዳማ አጠገብ በመልካሳ ይሠራል። አዳማ ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ተቋማት ናቸው፤ መጽሐፎቻቸውም የሕዝብ ሀብት ናቸው። ሆኖም የተቋሙን መታወቂያ ያልያዘ ሰው ወደ ክምችቱ የሚገባበት አሠራር ካልተዘረጋለት በበሩ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይጠቀምበትም።

በአገሪቱ የሚታተመው ሁሉ በሕግ የሚከማችበት ቦታም አለ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሆነው ተቋም፣ ይህን ኃላፊነት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 50 ማንኛውም የታተመ ሥራ በሦስት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲገባ አዟል። አንድ ልብ ወለድ ከገበያ ጠፍቶ፣ ከአሳታሚው መጋዘን አልቆ፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት ሳይኖር ሲቀር የመጨረሻው ተስፋ ይህ ክምችት ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ ግን ለጥበቃ የተቀመጠ ስለሆነ ከቤቱ አይወጣም። እዚያው ይነበባል፤ ሕግ በሚፈቅደው መጠንም ይቀዳል። ስለዚህ ለአቦምሳው አንባቢ ብሔራዊው ክምችት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ በመካከል ሌላ ሰንሰለት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ መጽሐፍ በትብብር መብዛትና መቆየት የጀመረው ከሕትመት በፊት ነው። አንድ ገዳም የሌለውን ድርሰት ካለው ገዳም ተውሶ በጸሐፊ እጅ ያስገለብጥ ነበር፤ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ግልባጩ ከአዲሱ ቤት ይቀራል። አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ድርሰቱ በሌላው ይተርፋል። በስምጥ ሸለቆው ዝዋይ ሐይቅ መካከል ያሉት ደሴቶች፣ በተለይም በቱሉ ጉዶ ያለው ደብረ ጽዮን፣ የብራና መጻሕፍት ከዘመን ወደ ዘመን ከተሻገሩባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው።

ይህ ልማድ በዘመናዊ መሣሪያ የታገዘው እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ሐሳቡን ያነሳሳው የአሜሪካው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ዋልተር ሃረልሰን ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የመንግሥት የባህል መሥሪያ ቤትና በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ የሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት አብረው ያዙት። በአዲስ አበባ ሥራውን የመሩት የታሪክ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ነበሩ።

አሠራሩ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው፤ ከዚህ የተሻለ የትብብር ምሳሌ በአገሪቱ ማግኘት ይከብዳልና። ብራናው ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከገዳሙ ይመጣል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቅጠል በቅጠል ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያም ለባለቤቱ ይመለሳል። መጽሐፉን የሚወስድበት የለም። ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል፣ ሌላው ኮሌጅቪል ይሄዳል። በዚህ መንገድ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሥተዋል። ፊልም ብቻውን ግን የተዘጋ ሣጥን ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ይፈልጋል። ይህን ያደረጉት ዊልያም ማኮምበርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ኮሌጅቪል ገብተው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ በዚህ ሥራ ደክመዋል፤ በ1988 የማክአርተር ሽልማት አግኝተዋል፤ ያረፉት በ2021 ነው። የመጀመሪያዎቹን 5,000 ብራናዎች የሚገልጸው ካታሎግ በ10 ቅጽ ታትሟል። ዛሬ ከዚህ ክምችት ብዙው በኢንተርኔት ስለተለቀቀ በነፃ የተመዘገበ ሰው የትም ሆኖ ይመለከተዋል። ከብራናዎቹ የተሰረቀ ቢኖር ፊልሙ ብራናው የማን እንደነበር የሚመሰክር ማስረጃ ይሆናል።

ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ለከተማ ቤተ መጻሕፍትም ይሠራል፦ ባለቤትነት ሳይነካ አገልግሎት ሊስፋፋ ይችላል። የአቦምሳ ትምህርት ቤት መጽሐፉን ለሌላ ትምህርት ቤት ሲያውስ መጽሐፉ የአቦምሳ መሆኑ አይቀርም።

የማንኛውም ትብብር መነሻ የጋራ ካታሎግ ነው። ሌላው ቤት ምን እንዳለው ያላወቀ መጠየቅ አይችልም። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ጎልቶ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት 54 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የመሠረቱት ማኅበር ነው። ኦሲኤልሲ በሚል ምህጻር ይታወቃል። አንዱ ቤተ መጻሕፍት አንድን መጽሐፍ አንድ ጊዜ በትክክል ከመዘገበው ሌላው እንደገና እንዳይደክም መዝገቡን መጋራት ነበር ዓላማቸው። በ1971 በኮምፒውተር የተጀመረው ያ የጋራ መዝገብ አድጎ ዛሬ ወርልድካት የሚባለውና የብዙ አገሮችን ክምችት የሚያሳየው ካታሎግ ሆኗል።

ለአማርኛ መጻሕፍት የጋራ ካታሎግ መሥራት የራሱ ፈተና አለው፤ ይህ ፈተና ብዙ ጊዜ ተገቢውን ትኩረት አያገኝም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ብንወስድ፣ የደራሲው ስም በአንዱ ቤተ መጻሕፍት «ሐዲስ ዓለማየሁ»፣ በሌላው «ሀዲስ አለማየሁ»፣ በሦስተኛው «ሃዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። አንባቢ ሦስቱንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥራል። ርዕሱም «እስከመቃብር» ተብሎ ተጣምሮ ከተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ይመስላል። ዘመኑም ያምታታል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ በውጭ አገር ካታሎግ 1965 ወይም 1966 ተብሎ ይገኛል። የኢትዮጵያ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ሆኖ ሳለ፣ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ የሚያስገባ መዝጋቢም አለ። ስለዚህ ተባባሪዎቹ መጀመሪያ መስማማት ያለባቸው በፊደል ነው፤ ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ መደበኛ አጻጻፍ ይወሰናል፣ ሌሎቹ አጻጻፎች ወደዚያ እንዲመሩ ይደረጋል። ዓመተ ምሕረቱም መጽሐፉ ላይ እንደታተመው ተጽፎ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጻል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ ስለገባ መሣሪያው ዛሬ ችግር አይደለም።

በአቦምሳና በአካባቢዋ ካታሎጉ ሁለት ቋንቋ መሸከም አለበት። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የሚነበበውም ብዙ ነው። በቁቤ የተጻፈውን ርዕስ በግዕዝ ፊደል ገልብጦ መመዝገብ ፈላጊውን ያሳስታል። እያንዳንዱ መጽሐፍ በተጻፈበት ፊደል ቢመዘገብ ይሻላል።

ለዚህ ሥራ የሚውል ነፃ ፕሮግራምም አለ። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ከኒውዚላንድ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ነው፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ያገለግላል። ኮምፒውተር ለሌለው ትምህርት ቤት ግን ደራሲን፣ ርዕስን፣ የኅትመት ዓመትንና የቅጂ ብዛትን በሥርዓት የያዘ ደብተር ጥሩ ጅምር ነው። ደብተሩ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ሲላክ ትብብሩ ተጀመረ ማለት ነው። ሕንፃ ከመሠራቱ፣ ኮምፒውተር ከመገዛቱ በፊት መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው ይህ ነው፤ ከገንዘብ ይልቅ ትጋት ይጠይቃል።

መጽሐፉ የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ውሰት ይከተላል። በቤተ መጻሕፍት መካከል በሚደረግ ውሰት ተበዳሪው ግለሰቡ አይደለም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። አንባቢው ጥያቄውን ለራሱ ቤተ መጻሕፍት ያቀርባል። ባለሙያው ደራሲውን፣ ርዕሱንና እትሙን አጣርቶ ለባለ መጽሐፉ ተቋም ይልካል። ያም መጽሐፉ የማይወጣ የማጣቀሻ መጽሐፍ አለመሆኑን ያያል፤ በጠያቂው ቤተ መጻሕፍት ስም ያስፈርማል፤ የመመለሻ ቀን ይጽፍበታል። መጽሐፉ በፖስታ ወይም ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ይደርሳል። ቢጠፋ የሚጠየቀው የተበደረው ተቋም ነው።

እንቅፋቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መጽሐፍ ሞዴል 19 በተባለው የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ በንብረትነት ይያዛል። የጠፋው ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው የሚታሰብ ከሆነ ሠራተኛው መጽሐፉን ቆልፎ ማስቀመጡ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚህ ምክንያት ማንም ያልገለጠው መጽሐፍ በንጽሕና ተቀምጦ ይኖራል። መፍትሔው በመመሪያ ነው የሚመጣው፦ በዓመት ከክምችቱ የተወሰነ እጅ በአገልግሎት ምክንያት ሊጎዳ ወይም ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ መቀበል፣ መተኪያ በጀት መያዝ፣ ውሰቱን ለሠራተኛው የሥራ ውጤት አድርጎ መቁጠር። ሠራተኛው የሚፈራበትን ምክንያት ያስወገደ መመሪያ ሺህ መጽሐፍ የመግዛት ያህል ይጠቅማል።

መጽሐፉ መውጣት የማይችል ሲሆን ቅጂ ይላካል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለትምህርትና ለምርምር ሲባል አንድን መጣጥፍ ወይም ከሥራው አጭር ክፍልን ለጠያቂ ግለሰብ እንዲቀዳ በሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ይፈቅዳል። ሙሉ መጽሐፍ ማባዛት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የደራሲውን እንጀራ ይነካል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ተባዝቶ የሚሸጠውን መጽሐፍ «ለንባብ ባህል» ብሎ ማለፍ ለቤተ መጻሕፍትም አይበጅም፤ ደራሲ ካልጻፈ የሚዋሱት አይኖርምና።

የምርምር መጽሔቶች ጉዳይ ከመጽሐፍ ይከብዳል፤ የዓመት ክፍያቸው በዶላር ነው፣ ለአንድ ተቋም አይቻልም። ለዚህ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርትና ምርምር ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጥምረት ተሰባስበዋል፤ ኢፍል ከተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ሆነውም ከአሳታሚዎች ጋር በጋራ ይደራደራሉ። በዚህም ላይ ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት በተጀመረው ሂናሪ የጤና መጽሔቶች፣ በ2003 በተከተለው አጎራ ደግሞ የግብርና መጽሔቶች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይቀርባሉ። ዕድሉ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም፤ የጤና ተቋማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መመዝገብ ይችላሉ። የወረዳ ሆስፒታል ወይም የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተቋሙን አስመዝግቦ የይለፍ ቃሉን ለሠራተኞቹ ቢያደርስ፣ ነርሱና የግብርና ባለሙያው የዋና ከተማው ሐኪምና ተመራማሪ የሚያነበውን ያነባሉ።

በአገር ውስጥ የተሠራ ምርምርም እንዲሁ ክፍት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ጽሑፎችና የመመረቂያ ጥናቶች በነፃ እንዲነበቡ ተወስኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶችን በኢንተርኔት ያስነብባል። ስለ አርሲ አፈር፣ ስለ አዋሽ ውኃ፣ ስለ ስምጥ ሸለቆ ወባ የተጻፈው ጥናት በተጠናበት አካባቢ ሰው ዘንድ ሳይነበብ መቅረቱ ትልቅ ጉዳት ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሰነዶቹን በፍላሽ አውርዶ ማድረስ ይቻላል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን የመሰለ ሰፊ ክምችት ያለ ኢንተርኔት በኮምፒውተር ላይ ያስነብባል።

ሕፃናትን የሚመለከተው ትብብር በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ሕፃን ወደ ሩቅ ከተማ አይሄድም፣ መጽሐፉ ወደ እሱ ይመጣል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር ሆነው ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ጋሪው ከሰፈር ሰፈር ይዞር፣ ልጆችም ከብበው ያነቡ ነበር። ኮድ ኢትዮጵያም በገጠር ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ከየአካባቢው ነዋሪና አስተዳደር ጋር አቋቁሟል፤ ለሕፃናት በአገር ቋንቋ መጻሕፍት አሳትሟል። የአፍሪካ የተረት መጽሐፍ የተሰኘው ከደቡብ አፍሪካ የተነሣ ሥራም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጭምር በነፃ የሚታተሙ ተረቶችን ያቀርባል።

ከዚህ ተሞክሮ ለመርቲና ለአጎራባች ወረዳዎች የሚስማማው የሣጥን ዝውውር ነው። አንድ ትምህርት ቤት 50 መጽሐፍ፣ ሌላውም ሌላ 50 ቢኖረው የሁለቱም ልጆች 50 ብቻ አንብበው ይጨርሳሉ። ሣጥኖቹ በየሴሚስተሩ ቢለዋወጡ ግን እያንዳንዱ ልጅ 100 ያገኛል፤ አራት ትምህርት ቤት ቢሆን 200። አዲስ መጽሐፍ ሳይገዛ የሚጨምር ንባብ ነው። ለዝውውሩ የሚያስፈልገው የሁለት ርእሰ መምህራን ፊርማ፣ ርክክብ የሚደረግበት ዝርዝርና ጭነት የሚያደርስ ተሽከርካሪ ነው።

ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ትብብሩ ድንበር ይሻገራል። በብሬል ወይም በድምፅ የተዘጋጀ መጽሐፍ በጣም ጥቂት ስለሆነ አንዱ አገር ያዘጋጀውን ሌላው ማግኘት አለበት፤ የቅጂ መብት ሕግ ግን ይህን ሲያግድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሞሮኮ የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት እገዳውን አንሥቷል። ኢትዮጵያም በ2020 ስምምነቱን አጽድቃለች። አሁን የሚቀረው ስምምነቱን በየተቋሙ ወደ ሥራ መለወጥ ነው፤ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ምን በብሬል ወይም በድምፅ እንዳለው በካታሎጉ ለብቻው ተለይቶ መታየት አለበት።

የትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ሚናም እዚህ ይነሣል። በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ 2,000 ያህል አንባቢ ያስተናግዳል። ለአዲስ አበባ ወጣት ትልቅ ስጦታ ነው። ለአቦምሳው ወጣት ግን ጥቅሙ የሚለካው ከእሱ በሚወጣው ነገር ነው፦ ካታሎጉ ከሩቅ ሲታይ፣ ትርፍ ቅጂው ለክፍለ አገር ሲታደል፣ ባለሙያዎቹ የትንንሾቹን ሠራተኞች ሲያሠለጥኑ። አዳማና አሰላም ለዙሪያቸው ከተሞች እንዲሁ መካከለኛ ጣቢያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አቦምሳ በቀጥታ ከአዲስ አበባ ከምትጠይቅ ከአሰላ ወይም ከአዳማ ብትጠይቅ መጽሐፉ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ስምምነት በጽሑፍ ሲሆን አባላቱ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚዋስና ምን እንደማይወጣ፣ የውሰቱ ጊዜ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ የማጓጓዣውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ለጠፋና ለተቀደደ መጽሐፍ ምን እንደሚደረግ፣ በእያንዳንዱ ተቋም ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልሰው ሠራተኛ ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። የአንባቢው ግዴታ የሚጀምረው በአቅራቢያው ባለው ቤተ መጻሕፍት ተመዝግቦ የሚፈልገውን መጽሐፍ በስሙ ጠርቶ ከመጠየቅ ነው። የተጠየቀውና ያልተገኘው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይሰፍራል፤ ቀጣዩ የውሰት ጥያቄም ሆነ የግዢ ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው።